ሴንሰሩን ቀይራችሁ አላርቱ ጠፍቶ ከተመለሰ ችግሩ ሴንሰሩ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ያለችው የመፈተሻ ቤንቻችን ላይ ቀይ ታግ የታሰረበት የኢንጂን ቫይብሬሽን ሴንሰር መጣ፣ ታጉ ላይ "አይሰራም" ተብሎ ተጽፏል፣ ሼከር ላይ አስረን ስናርገበግበው ልክ እንደ አዲስ ይሰራል። ከሶስት ሳምንት በፊት ከዛው አውሮፕላን ከዛው ቦታ የወጣ ሌላ ሴንሰር መጥቶ ነበር፣ እሱም ጤነኛ። ሶስተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት እባካችሁ ይሄን አንብቡ። ሰርኪት ብሬከርና ፓርት ነምበር አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክቱ፦ የአንዱ ኢንጂን ቫይብሬሽን ድንገት ይዘላል፣ አላርት ይመጣል፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል።

መጀመሪያ ግን ኢንጂኑ ደህና መሆኑ ይረጋገጥ። "ይሄ ሁሌም ሴንሰር ነው" የሚል ሰው ያስፈራኛል፣ ፋን ብሌዱን (የኢንጂኑን የፊት ማራገቢያ ምላጭ) ሳያይ ወፍ ገብቶ እንደሆነ ሳይጠይቅ አላርት የሚዘጋ ሰው ካለ እጁን ይሰብስብ። ማኑዋሉ የሚለው ኢንስፔክሽን ይሰራ፣ ከዛ ወደ ግራፉ።

ግራፉ ላይ ቫይብሬሽኑን ከኤን ዋንና ከኤን ቱ (የኢንጂኑ ሁለት ዘንጎች ዙር) ጋር አብራችሁ አውጡት። እውነተኛ ቫይብሬሽን ዙሩን ይከተላል፣ ፓወር ሲጨመር ይወጣል ሲቀነስ ይወርዳል። ውሸተኛው ግን ዙሩ ቀጥ ብሎ እያለ በአንድ ሰከንድ ከ0.5 ወደ 4.8 ዘሎ በሚቀጥለው ሰከንድ ይወርዳል። ያን የሚያህል ብረት እየተሽከረከረ በአንድ ሰከንድ ታሞ በአንድ ሰከንድ አይድንም። የጭስ ማውጫ ሙቀቱ፣ የነዳጅ ፍሰቱና ዘይቱ ካልተነቃነቁ፣ እዛው ኢንጂን ላይ ያለው ሌላኛው ሴንሰርም ምንም ካላየ፣ ወደ ገመዱ ሂዱ።

ምክንያቱ ከአስር ዘጠኝ ጊዜ ብል አላጋነንኩም፣ ከሴንሰሩ ወደ ሲግናል ቦክሱ (ሲግናሉን ወደሚያነበው ሳጥን) በሚሄደው ገመድ መሀል ያለው ኮኔክተር (መሰኪያ) ነው። ሴንሰሩ ፒዬዞኤሌክትሪክ ነው፣ ውስጡ ያለው ክሪስታል ሲጨመቅ የሚያወጣው ቻርጅ በፒኮኩሎምብ የሚለካ ነው፣ አንድ ፒኮኩሎምብ ማለት የኩሎምብ አንድ ትሪሊዮንኛ። እሷን ይዞ የሚሄድ ገመድ ላይ ትንሽ እርጥበት በፒኖቹ መሀል ከገባ ሲግናሉ ይፈሳል ወይ ጫጫታ ይሆናል። አውሮፕላኑ 35,000 ጫማ ላይ ከዜሮ በታች ወደ 54 ዲግሪ ባለው አየር ቆይቶ ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሲያርፍ የክረምቱ አየር ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ሲሉ (እርጥበት የሚከለክለው ማሸጊያ) ያረጀ ኮኔክተር ደሞ ከፍታ በተቀያየረ ቁጥር ይተነፍሳል፣ ጤዛውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሴንሰር ስትቀይሩ ኮኔክተሩን ትነቅላላችሁ ትሰካላችሁ፣ ፒኑ ተፋቅፎ ለጊዜው ይጸዳል፣ አላርቱ ሁለት ሶስት በረራ ይጠፋል፣ ሎግቡክ ላይ "ሴንሰር ተቀይሮ ተስተካክሏል" ተብሎ ይፈረማል። ከዛ ይመለሳል። አንድ አውሮፕላን ላይ በዚህ መንገድ ሁለት ሴንሰርና አንድ የሲግናል ቦክስ ተቀይሯል፣ መሀል ያለውን ኮኔክተር ማንም አልከፈተውም፣ ለምን ቢባል እጅ አያስገባም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሄጄ በፋኖስና በመስታወት አየሁት፣ የጥጥ እንጨት አስገብቼ ሳወጣው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

መፍትሄው፦ ፓወር አጥፉ፣ ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉ (ቦክሱ እንደተሰካ ሜገር (ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሳሪያ) የሚለቅ ሰው አይቻለሁ፣ ቦክሱን ገደለው)፣ ማኑዋሉ በሚለው ቮልቴጅ ብቻ ኢንሱሌሽን ለኩ፣ እየለካችሁ ገመዱን በእጅ አወዛውዙ። ንባቡ ከወረደ አገኛችሁት። በተፈቀደው ክሊነር እጠቡ፣ በደረቅ ናይትሮጅን ንፉ፣ ሲሉን ቀይሩ፣ ሳይደርቅ አትዝጉ። ሳይደርቅ አትዝጉ! ቶርኩን (የማጥበቂያ ልኩን) አስተካክላችሁ ሴፍቲ ዋየሩን እሰሩ። ለመኪና ተብሎ መርካቶ የሚሸጠውን ስፕሬይ አታስጠጉት፣ ዘይት ይተዋል፣ ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። ነቅላችሁ ሻይ ልትጠጡ ስትሄዱ ካፕ አድርጉበት፣ ፌስታል ካፕ አይደለም።

ገመዱ ክላምፑ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነም መወዛወዙ ራሱ ቻርጅ ያመነጫል፣ ስለዚህ ክላምፑን አስተካክሉ እንጂ በፕላስቲክ ማሰሪያ አትጠፍሩት። ቆርጣችሁ ተራ ሽቦ አትቀጥሉበት።

ሌሎቹ ብርቅ ናቸው። የዙር ሲግናል ከጠፋ ቦክሱ የቱን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያጣራ አያውቅም፣ ንባቡም አይታመንም። ሴንሰሩ ራሱ የሚሞትበት ጊዜ አለ፣ ግን ሲሞት ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል እንጂ አይዘልም።

ሪፖርት ስትልኩልን ደሞ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ጻፉ። አንዱ "ጠዋት 3:10 ላይ ዘለለ" ብሎ ላከ፣ የዳታ ልጃችን ዩቲሲ መስሎት 3:10ን ከፈተው፣ አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ኢንጂን የለም ምን የለም፣ "ሪከርደሩም ተበላሽቷል" ተባለና ሪከርደር ሊወልቅ ነበር። ሰውየው የጻፈው በሀበሻ ሰዓት ነው። የሀበሻ ጠዋት 3:10 በዩቲሲ 6:10 ስለሆነ፣ ሶስት ሰዓት ጨምረን 6:10 ላይ ስንከፍተው ዝላይዋ ቁጭ ብላለች።