ፊርማ የሌለው፣ ከወዳደቀ ዕቃ የተሠራ የጥበብ ሥራ ስንት ያወጣል?

ቆርኪ፣ ሽቦ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ምናምን ጣውላ ላይ ተገጣጥሞ የተሠራ ሥራ እጃችሁ ገብቷል እንበል። ከዘመድ የተወረሰ ወይም ቸርችል ጎዳና ካሉት ሱቆች የተገዛ ሊሆን ይችላል። የሥነ ጥበብ ሰዎች አሰምብላዥ ይሉታል። ፊርማ የለውም። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት መቼ ተሠራ የሚለውን መልሱ፤ እሱን ደግሞ ሥራው ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። አትወልውሉት፣ የተነቀለውን መልሳችሁ አትለጥፉ፣ ዝገቱን አታራግፉ። የሆነ ዕቃ ወድቆ ከሆነ ቦታው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ይቀራል፤ ያ ምልክት ምን ነበረ፣ መቼስ ወደቀ የሚለውን ይጠቁማችኋል። አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ካለፋችሁበት ግን አለቀ።

ቀጥሎ ፍራሽ ላይ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ጀርባው ከፊቱ የበለጠ ያወራል። የዓውደ ርዕይ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ፊደል፣ የፍሬም ሠሪው ማኅተም ፈልጉ። ማኅተሙ ላይ ያለው የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ቁጥሮቹ ከረዘሙበት ከ1998 መስከረም በፊት የተቀረጸ ማኅተም ነው ማለት ነው። ጣውላው ግን ከሌላ ዕቃ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አትርኩ።

አሁን ወደ ፊት ለፊቱ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሥራው ላዩ ላይ ካለው በጣም አዲስ ዕቃ አይቀድምም። ስለዚህ አሮጌው ዕቃ አያታልላችሁ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ከወጣ በር ላይ የተሠራ ነገር፣ በሩ የፈለገውን ያህል ቢያረጅ ሥራው ገና ትናንት የተሠራ ነው። አንድ ምሳሌ በደንብ እንየው። ጀርባው ላይ "98" ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ፊቱን ስታዩት ግን ከቆርኪዎቹ መሀል ባለ ሁለት ቀለሙ የአንድ ብር ሳንቲም ተጣብቋል። ያ ሳንቲም የወጣው በ2002 ስለሆነ በሁለቱም አቆጣጠር አይገጥምም። ወይ ቁጥሩ የጣውላው ነው፣ ወይ ዓመተ ምሕረት አይደለም፣ ወይ ሳንቲሙ በኋላ ተጨምሯል። በማጉያ መነጽር የሳንቲሙን ጠርዝ እዩ። ሌላው ሁሉ በነጭ ኮላ ተይዞ እሱ ብቻ በማስቲሽ ከተለጠፈ፣ ወይም ከሥሩ የቆየ አቧራ ካለ፣ ሌላ እጅ ገብቶበታል።

ዝገት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዛገ ሚስማር የሥራውን ዕድሜ አይናገርም፤ ቆራሌው ሲሰበስበው ወይም ምናለሽ ተራ ሲሸጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ከሚስማሩ ወደ ጣውላው የሰረገው ቡናማ እድፍ ነው፣ ምክንያቱም እሱ የመጣው ሁለቱ አንድ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው።

ስም መለጠፉ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ሽቦና ማዘርቦርድ ያየ ሁሉ "የኤልያስ ስሜ ነው" ይላል። ኤልያስ በዚህ ዓይነት ቁስ በዓለም ደረጃ የታወቀ ሠዓሊ ነው፤ በዚሁ ቁስ የሚሠሩ ሌሎችም ግን አሉ። ቁሱን ትታችሁ እጁን እዩ። ሽቦው እንዴት ተጎነጎነ፣ ቆርቆሮው በመቀስ ተቆረጠ ወይስ በመጋዝ፣ ጫፉ ታጥፏል ወይስ እንደ ተሳለ ቀርቷል? የፊቱንም የጀርባውንም ጥሩ ፎቶ አንስታችሁ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ላሉ መምህራን፣ ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ላሉ ባለሙያዎች አሳዩ። የተጠረጠረው ሠዓሊ በሕይወት ካለ ደግሞ ራሱን መጠየቅ ከሁሉም ይሻላል። "የኔ ነው" ካለ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ወደ ብሩ እንምጣ። የማዘርቦርዱን የቁራጭ ዋጋ እርሱት፣ ለግምቱ አይጠቅምም። ግምቱ ለምን እንደተፈለገ ወስኑ፤ ለውርስ ክፍፍል፣ ለኢንሹራንስና ለሽያጭ የሚወጣው ቁጥር አንድ አይደለም። ለሽያጭ ከሆነ በመጠን፣ በጥራትና በዘመን የሚቀራረቡ ሥራዎች የተሸጡበትን ዋጋ ጠይቁ። የተለጠፈበትን ሳይሆን የተሸጡበትን። ጋለሪው ኮሚሽን ስለሚወስድም እጃችሁ የሚገባው ከዚያ ያንሳል። ፊርማ አለመኖሩ ዋጋ ይቀንሳል፣ ግን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ ወይም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይበት የድሮ ፎቶ ካላችሁ ከቀነሰው ጥቂቱን ይመልሳል። ጣውላውን ነቀዝ በልቶት ወይም ውስጡ ያለ የባትሪ ድንጋይ ፈሶ ከሆነ የጥገናው ወጪ ይቀነስ።

በመጨረሻ ጻፉት። "ሠዓሊው ያልታወቀ፣ ከ2002 ወዲህ የተሠራ፣ ሁለት ዕቃ የጎደለው" ብላችሁ፣ መጠኑን፣ የግምቱን ቀንና ዓላማ ጨምሩ። አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ አስቀምጡ። ገማች ከቀጠራችሁ ክፍያው ቁርጥ ይሁን እንጂ ከዋጋው በመቶኛ አይሁን፣ ከፍ አድርጎ ለመገመት ምክንያት ይሆነዋልና። ከአገር ሊወጣ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ።