ዋልካ ላይ የጎማ ሰንሰለት ሲታሰር የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወሎ ውስጥ በደላንታ ወይም በወረኢሉ በኩል ከኮረኮንቹ ወርዶ ዋልካ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ፣ የረገጠ መኪና የጎማው ጥርስ ወዲያው በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ አዲሱም ያለቀውም ጎማ አንድ ነው። ሰንሰለት መፍትሔ የሚሆነው በጊዜና በአግባቡ ከታሰረ ነው።

ከሰመጡ በኋላ ማሰር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጎማው እስከ ቸርኬው ከገባ የውስጠኛውን ማያያዣ እጅ አያገኘውም። ክሪክ ቢገባም ክሪኩ ራሱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ መኪናው ተንሸራቶ ከሥር ያለውን ረዳት ሊጨፈልቀው ይችላል። ዲፈረንሻሉ መሬት ከነካማ የሚያስፈልገው አካፋ እንጂ ሰንሰለት አይደለም። ጭቃው ሳይጀምር፣ ጠጠር ባለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርገው ሰንሰለቱን ይሰሩ።

«ይበቃዋል» ብሎ መግዛት። የጎማው ጎን ላይ 7.50-16 ከተጻፈ ሰንሰለቱም ለዚያው ቁጥር የተሠራ ይሁን። የሰፋ ሰንሰለት እየተወናጨፈ ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) እና የፍሬን ቱቦውን ይመታል። በጎማውና መኪናውን በተሸከመው ባሌስትራ መካከል በቂ ክፍተት መኖሩንም አስቀድመው ይዩ።

የማይገፋውን ጎማ ማልበስ። አይሱዙ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፤ ሰንሰለቱ እዚያ ይግባ፣ በሁለቱም ጎን። አንዱን ጎን ብቻ ካለበሱ ባዶው ጎማ ቦታው ላይ ይሽከረከራል፣ የታሰረው ይቆማል። ነጠላ ሰንሰለት ደብል ጎማ ላይ ሲታሰር የውጭው ጎማ ላይ ይሁን። በአራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ፊት ብቻ ከታሰረ ቁልቁለት ላይ ኋላው ይጠመዘዛል።

ገልብጦ ማልበስ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተው የተጠላለፈውን ይፍቱ። አግድም ሰንሰለቶቹን ጫፍና ጫፍ የሚይዙ ቆልማማ ብረቶች አሉ፤ የእነሱ አፍ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ጀርባቸው ወደ ጎማው ይዙር። ከተገለበጠ የጎማውን ጎን ሲፍቅ ይውላል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አስተማማኝ ጥገና የለውም። ከላይ አልብሰው መኪናውን ትንሽ ያንቀሳቅሱና ከጎማው ሥር የነበረው ጫፍ ሲለቀቅ መጀመሪያ የውስጡን፣ ቀጥሎ የውጩን ይቆልፉ።

አንዴ አጥብቆ መሄድ። ሰንሰለት ቦታውን የሚይዘው ጎማው ሲዞር ነው። 100 ሜትር ያህል ነድተው ይቁሙ፣ የላላውን ይሳቡ፣ የተረፈውን ጫፍ በሽቦ ይሰሩ። ለማልበስ እንዲመች አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ጎማው ሲነፋ ልኩ ይለወጣል።

በሰንሰለት ፋንታ ገመድ መጠምጠም የቆየ ልማድ ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1904 የጎማ ሰንሰለት ፓተንት ያወጣው ሾፌሮች እንዲህ ሲያደርጉ አይቶ ነው ይባላል። ገመድ ዋልካ ላይ ቶሎ ተበጥሶ አክስል ላይ ይጠመጠማል።

ነዳጅ መርገጥ። ሰንሰለት የያዘ ጎማ ቆሞ ከተሽከረከረ ጉድጓድ ይቆፍራል። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይበልጡ፣ ሳያቆሙ ይሂዱ።

አስፋልት ላይ አለመፍታት። ብረት አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ በዚህ ሁኔታ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ በሕይወት መጫወት ነው። አስፋልት ሳይነኩ ይፍቱ፣ በውኃ አጥበው ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ። አግድሙ ሰንሰለት የሳሳበት ካለ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ይቀይሩት።