የአበባ መስቀለኛ ቃላት እንዴት ይፈታል?

እርሳስና ላጲስ ያዙ። እስክሪብቶ ይቆይ።

አዳማ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከቤት የማታስወጣበት ሰዓት አለ። እኛ ቤት ያኔ ቡና ይፈላል፣ እኔና እህቴ ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ አቀርቅረን እንቀመጣለን። ያለፈው ቅዳሜ የያዝነው ሙሉ በሙሉ ስለ አበባ ነበር፣ በዚያው ላሳያችሁ።

ከፍንጩ በፊት ሳጥኑን ቁጠሩ። በአማርኛ አንድ ፊደል አንድ ሳጥን ይይዛል፣ ድምፁም ከነአናባቢው እዚያው ነው። ጽጌረዳ አራት ሳጥን፣ አደይ ሦስት፣ ቀጋ ሁለት፣ ጃካራንዳ አምስት። ስለዚህ ከሌላ ቃል ተሻግሮ የገባ አንድ ፊደል ብዙ ይናገራል። ከአራቱ ሳጥን ሁለተኛው ላይ «ጌ» ካያችሁ፣ ጨዋታውም የአበባ ከሆነ፣ ከጽጌረዳ ሌላ ምን ይመጣል? ሁለት ሳጥን ብቻ ሆኖ ፍንጩ «ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5» ካለ ግን መልሱ ጽጌ ነው።

እኛን ያስቸገረን «ቆቃ ላይ የተንሳፈፈ ሐምራዊ» የሚለው ነው። አራት ሳጥን። የአትክልት ቦታ አበባ እያሰብን ብዙ ደከምን። ትተነው ወደ ታች የሚሄደውን ፈታን፦ «ውኃ የሚወርድበት»፣ ቦይ። «ቦ» ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስትቀመጥ እህቴ ብድግ አለች። «እምቦጭ! ወደ ባቱ ስንሄድ ያየነው!» እምቦጭ ሲባል ሁሉም ጣናን ያስባል እንጂ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ እኛ አጠገብ፣ ቆቃና አዋሽ ላይ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ሐይቅ የሚያፍን አረም ቢሆንም አበባው ያምራል። እና ፍንጩ ቦታ ከጠቀሰ እዚያ ቦታ በዓይናችሁ ምን እንዳያችሁ አስቡ።

የተደበቁት ቃላት ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ፣ እኔ በጣም የምወደውም ይህን ክፍል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣችኋል፣ አበባው በሁለት ቃላት መሀል ተደብቋል። «ወረቀቱ አለቀ ጋሼ» የሚለውን ክፍተቱን ረስታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አለቀጋሼ። ቀጋ አለ! እሾሃሙ፣ ፍሬው የሚበላው፣ አገር በቀሉ የጽጌረዳ ዘመድ። «ይህኑ ግን አትርሱ» ውስጥ ኑግ አለ። «በሩን የከፈተ ልባም ሰው ነው» ደግሞ ሰማያዊ አበባ ያላትን ተልባ ይዟል። ዓይናችሁን የቃሉ መጨረሻና የሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ ላይ ጣሉ፣ መሀሉን እለፉት። ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ የተገፋ ከመሰላችሁ፣ ሰው እንዲህ አይናገርም ካላችሁ፣ እዚያ ላይ ቁሙ።

ስለ ፊደል አንድ ነገር። «ንጉሱ ፍርድ ሰጠ» ውስጥ ሱፍ አለ፣ ንጉሡ ብላችሁ በንጉሡ «ሡ» ከጻፋችሁት ግን ይጠፋችኋል። ጽዋና ጽጌረዳ በአንድ ሳጥን ሲገናኙም አንዱ በ«ጽ» ሌላው በ«ፅ» ሊያስበው ይችላል። ጸና ፀን፣ ሰና ሠን፣ ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ ቁጠሯቸው። አናባቢው ግን አይለወጥም፣ «ደ» እና «ዳ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

በመጨረሻ የተከበቡትን ሳጥኖች ተመልከቱ፣ ከነሱ አንድ ቃል ይወጣል። ሁሉም እስኪሞላ አትጠብቁ። እኛ ከአምስቱ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ይዘን ነበር፣ «ረ»ን ከጽጌረዳ፣ «ም»ን ከእምቦጭ። አደይ የሚፈነዳበት ወር፣ መስከረም! ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰን «መ»፣ «ስ» እና «ከ»ን ባዶ ሳጥኖቻቸው ላይ ጻፍን፣ ሦስት የተዘጉ ፍንጮችም በእነሱ ተከፈቱ።