ማስተርስ ሲታሰብ የሚሠሩ ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከቦርሳው ወፍራም የጂማት (GMAT) ፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ አወጣ። ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል ይሠራል። "የት ልትማር አስበህ ነው ወንድሜ?" አልኩት። "እዚሁ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ" አለኝ፤ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የሚማሩበት ቦታ የትኛውን ፈተና እንደሚጠይቅ ሳያጣሩ ዝግጅት መጀመር። አገር ውስጥ ለማስተርስ የሚጠየቀው ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ሰዉ ጋት የሚለው ነው። ጂማትና ጂአርኢ (GRE) የውጭ ትምህርት ቤቶች ለድህረ ምረቃ የሚጠይቋቸው የመግቢያ ፈተናዎች ናቸው። ይህ ልጅ የሁለት ወር ማታ ማታውን ጂማት ላይ አፍስሷል። አንጀቴን በላው።

"ጂማት ለቢዝነስ፣ ጂአርኢ ለሌላው" የሚለውም አባባል አልፎበታል። ብዙ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የሚያመለክቱበትን ትምህርት ቤት መስፈርት አንብበው፣ ከዚያ እንደ ጉልበትዎ ይምረጡ። ጂአርኢ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ይወዳል፣ ጽሑፍ ያስጽፋል፣ ጂኦሜትሪም አለበት፤ ግን በሒሳቡ ካልኩሌተር ይሰጣል። ጂማት ሦስት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። በሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር የለም። ሦስተኛው ክፍል ግን ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከሪፖርት ጋር ለሚውል ሰው ቤቱ ነው። ሁለቱም አዘጋጆች ነፃ የልምምድ ፈተና አላቸው። አንድ ቅዳሜ አንዱን፣ በሚቀጥለው ሌላውን ሰዓት ይዘው ይሞክሩ። የማንም ምክር ይህን አይተካም።

አሮጌ መጽሐፍ ሌላው ጣጣ ነው። የድሮው ጂማት በጥር 2024 እንደ ፈረንጆቹ ቀርቷል። አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። የያዙት መጽሐፍ ስለ 800 ካወራና የሰዋስው እርማት ካለበት የድሮው ነው። የልጁም ያው ነበር።

ስም ላይ ደግሞ አደራ! ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያለው ሰው ስንት ነው? የተመዘገቡበት ስም ከሚያሳዩት መታወቂያ ጋር በፊደል ካልገጠመ ፈተና ክፍል በር ላይ ሊመልሱዎት ይችላሉ። የከፈሉት ዶላርም አብሮ ይቀራል።

ቀኑንም አያጥብቡት። ጂማትን ለመድገም 16 ቀን፣ ጂአርኢን 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ውጤቱ ለ5 ዓመት ስለሚያገለግል ቀደም ብሎ መፈተን አይጎዳም።

ፒያሳ ስንወርድ ልጁ መጽሐፉን እያገላበጠ "እና ይሄን ልጣለው?" አለኝ። አትጣለው አልኩት። የሒሳቡና የንባቡ ጥያቄ ለጋትም ያፍታታሃል። የሰዋስው ምዕራፉን ብቻ ዝለለው።