ቲዩቡ ሞቷል ወይስ ተበድሏል? የሊኒየር አምፕሊፋየር ችግርና መፍትሄ

ሊኒየር አምፕሊፋየር የሬዲዮ ማሰራጫን ኃይል የሚያሳድግ መሣሪያ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ቲዩብ የሚባለው የቫኪዩም አምፖል ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ካፓሲተሩ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ከግራውንድ ጋር በተያያዘ፣ እጀታው በተሸፈነ ዘንግ አኖዱን (ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚደርስበትን የቲዩቡን ክፍል) ንኩት። ከ2000 ቮልት በላይ የሆነ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ኃይሉ ቀንሷል፣ የሬዲዮው ግብዓት ግን ያው ነው

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ አዲስ ቲዩብ ያዛል። አትቸኩሉ። የከፍተኛ ቮልቴጁን ትራንስፎርመር አቋርጡና ቲዩቡ በቦታው እንዳለ የፊላመንቱን (ቲዩቡን የሚያሞቀውን ሽቦ) ቮልቴጅ በቴስተር ለኩ። የሚለካው ሶኬቱ እግር ላይ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ላይ አይደለም። 3-500ዜድ የሚባለው የመስታወት ቲዩብ 5 ቮልት ይፈልጋል፣ 14.5 አምፔር ገደማ ይስባል። በዚህ ከረንት ትንሽ የላላ ሶኬት እንኳ ከቮልቴጁ ላይ ይበላል። ከ4.75 በታች ካነበባችሁ ሶኬቱን አጽዱ፣ አጥብቁ። ይህ ቲዩብ የታወቀ በሽታም አለው፦ የፊላመንት እግሮቹ ስታኞ በሙቀት ይለቃል። ሲቀዘቅዝ እንደገና መበየድ ብቻ ነው። ቮልቴጁ ልክ ሆኖ ኃይሉ ካልተመለሰ ግን ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨው ክፍል፣ እዚህ ፊላመንቱ ራሱ) አልቋል፤ ያኔ ይቀየር።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ሲበራ «ጧ!» ብሎ ፊውዝ አቃጠለ

ውስጡ ጋዝ ገብቷል። የ3-500ዜድ ጋዝ መምጠጫ አኖዱ ላይ ነው፣ የሚሠራውም ሲግል ነው። ፊላመንቱን ብቻ ለሰዓታት አብሩት፤ ከዚያ ኃይሉን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አኖዱ እስኪቀላ። በመስታወቱ ግድግዳ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን አያስፈራም። በግሪድ (ከረንቱን በሚቆጣጠረው መረብ) እና በአኖድ መካከል ያለውን ቦታ የሞላ ሐምራዊ ብርሃን ግን መጥፎ ምልክት ነው።

አኖዱ ቀላ

ለ3-500ዜድ ደብዘዝ ያለ ቀይ የተለመደ ነው። የ572ቢ (ሌላ የቲዩብ ዓይነት) አኖድ ግራፋይት ስለሆነ እሱ ከቀላ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ነው። ከጥንዱ አንዱ ብቻ ሲቀላ ቦታ አቀያይሯቸው። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ሰርኪዩቱን መርምሩ።

ድምፁ ወደ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ይረጫል፣ እዚያ ያሉት ያማርራሉ

የግሪዱን ሜትር እዩ። ከፍ ብሎ ከሆነ የሎድ ካፓሲተሩ (ወደ አንቴና የሚሄደውን ጭነት የሚያስተካክለው) በደንብ አልተከፈተም፣ ወይም ግብዓቱ በዝቷል።

811ኤ ቲዩብን በ572ቢ ብተካስ?

ሁለቱም 6.3 ቮልት፣ 4 አምፔር ፊላመንት አላቸው፤ የእግራቸው አቀማመጥም ያው ነው። የአኖዱ አቅም ከ65 ወደ 160 ዋት ያድጋል። እውነቱን ለመናገር ግን ዋቱ እንደዚያ አይዘልም፤ ወሳኙ ትራንስፎርመሩ ነው። የምታገኙት ጽናት ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ግብዓት ሳይኖር የሚፈሰውን ከረንት ፈትሹ፣ ኒውትራላይዜሽኑንም (ኃይል ወደ ግብዓት ተመልሶ አምፕሊፋየሩ በራሱ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን ማስተካከያ) አስተካክሉ።

እንደ 3ሲኤክስ1500ኤ7 ያሉ ሴራሚክ ቲዩቦች የሚያስፈልጓቸው ጠንካራ የአየር ግፊት ያለው ፋንና 3 ደቂቃ ማሞቂያ ነው። ታይመሩን አልፎ ማብራት ካቶዱን ያበላሻል። ፋናችሁ ደካማ ከሆነ የመስታወቱን ምረጡ።