«የአያቴ ጎራዴ ነው» ሲሏችሁ፦ አስመሳዩን እንዴት ትለያላችሁ?

«የአያቴ ነው፤ ዓድዋ ዘምተውበታል» አለኝ ሻጩ። ጎራዴውን ከሰገባው መዘዝኩት። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። ከሥሩ «አድዋ 1896» ይላል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መለስኩለት። ዓድዋ የዘመቱ አያት ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስጽፋሉ? 1888 ነው መሆን የነበረበት፤ ያውም ፲፰፻፹፰ ተብሎ ቢጻፍ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ብረቱን ከመመርመራችሁ በፊት አንብቡ። ከፈረንጅ ሰብሳቢ የምንበልጠው እዚህ ላይ ነው። የነገሥታቱ ማዕረግ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»፣ «ሥዩመ እግዚአብሔር»፣ «ንጉሠ ነገሥት» ነው። «ስዩመ»፣ «ንጉሰ ነገስት»፣ «ሀይለስላሴ» የሚል ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

የፊደሉ መንጋደድ ግን አያስደንግጣችሁ። በምኒልክ ዘመን ብዙ ስለት ከአውሮፓ ይመጣ ነበር፤ የጀርመኗ ዞሊንገን አንዷ ምንጭ ናት። የቀረጸው ሰው አማርኛ ላያውቅ ይችላል። የጀርመን ማኅተም አይቶ «የእኛ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ጀማሪ አለ፤ ተሳስቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፉ ከመጠን በላይ ሲያምር ነው። እዚያው መስመር ላይ ሁለት «ነ» ፈልጉና አስተያዩ። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ትንሽ ይለያያሉ። ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ ከኮምፒውተር የወጣ ፎንት ነው።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር አውጡ። የድሮው ቅርጽ ብዙ ጊዜ በአሲድ የተበላ ነው። ጥልቀቱ አንድ ወጥ አይደለም፣ ሲወለወል የኖረበት ቦታ ደብዝዟል። የሌዘር ቅርጽ ከዳር እዳር እኩል ነው፤ ብዙ ጊዜም ጠቁሮ የተቃጠለ ይመስላል። እጀታው አጠገብ፣ የስለቱ ሥር ላይ የተፋቀ ቦታ አለ? እዚያ የነበረው «የህንድ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ህንድ ውስጥ ለጌጥ የሚሠራ ጎራዴ ብዙ ነው። ለጌጥ ብሎ የሚሸጠውን አልወቅስም፤ ፍቆ የሚሸጠውን እንጂ።

ዝገቱን በጣት እሹት። የዘመናት ዝገት ጠቆር ያለ ነው፣ ብረቱን ይዞታል። በአሲድ ወይም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ቶሎ የዛገ ብርቱካናማ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይተዋል። ማግኔት ብዙም አይረዳም፤ አዲስም አሮጌም ብረት ይስባል።

እጀታው ቀንድ ነው ካሏችሁ የሻጋታ መገጣጠሚያ መስመርና የአየር አረፋ ፈልጉ። ሁለቱም የፕላስቲክ ምልክት ናቸው። ቀንድ ውስጥ ግን ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። በጋለ መርፌ ወግቶ ማሽተት የሚባል ዘዴ አለ፤ ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በሰው ዕቃ ላይ ግን አታድርጉት።

ያ ሻጭ ዓድዋው ሳያዋጣው ሲቀር «እጀታው እኮ የአውራሪስ ነው» አለኝ። የባሰ መጣ! ውሸት ከሆነ ተበላሁ። እውነት ከሆነ ደግሞ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጎራዴው እውነተኛ ቅርስ ሆኖ ከተገኘም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የሻጭ ደረሰኝ ፈቃድ አይደለም።