የክረምት ጨለማ የሚያመጣውን ድባቴ እንዴት መከላከል ይቻላል? ስቶክሆልም ለምትኖሩ

አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ አጭር ቀንና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ ከ12 ሰዓት ይበልጣል። በዲሴምበር 21 አካባቢ ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣና ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች (ሰዓቱን ሁሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደመና ሲጨመርበት ደግሞ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ መዋል አለ። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ለሚገባ ሠራተኛ ቀን የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ይጠፋል።

እኛ ይህን ስሜት ናፍቆት ነው፣ ድካም ነው፣ ሲብስም ስንፍና ነው እያልን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን በሕክምና የታወቀ ነው፤ የወቅት ድባቴ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ ስም የሰጠው ኖርማን ሮዘንታል ራሱ ስደተኛ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በክረምት ጉልበቱ ሲከዳው፣ ፀደይ ሲገባ ሲመለስለት አይቷል። ፀሐይ በበዛበት አገር ያደገ ሰው ይህን ጉዳይ ማጥናቱ አይገርመኝም።

1. መሆኑን ለዩ

ሌላው ድባቴ ብዙ ጊዜ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል። ይኸኛው በአብዛኛው በተቃራኒው ነው፦ አሥር ሰዓት ተኝቶ አለመጥገብ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ጣፋጭ ማማር፣ ኪሎ መጨመር፣ ስልክ አለማንሳት፣ ከማኅበርና ከለቅሶ መቅረት። ለሁለት ተከታታይ ክረምት በተመሳሳይ ወራት መጥቶ፣ ቀኑ ሲረዝም ለቆ ከሄደ በእርግጥም ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። የሚጀምርበትን ሳምንት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ኋላ ይጠቅማችኋል።

ምክንያቱን ማወቅም ደግ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን የብርሃንን መጠን ለአንጎል ለመንገር የተሠሩ ሕዋሳት አሉ። አንጎል ሰዓቱን የሚሞላው በእነሱ ነው። የጠዋት ብርሃን ሲጠፋ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞንም ሥራ ከገባን በኋላ ሳይቀር አብሮን ይውላል። ሰውየው ባቡር ውስጥ ቆሟል፣ ሰውነቱ ግን ገና ሌሊት ላይ ነው። ዋናው ሕክምናም የጠፋውን የጠዋት ብርሃን ለዚሁ በተሠራ ኃይለኛ መብራት መተካት ነው።

2. መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ

ባይፖላር (ስሜት ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም) ያለበት ሰው፣ የሬቲና ሕመም ወይም ስኳር ያመጣው የዓይን ጉዳት ያለበት፣ ወይም ሰውነትን በብርሃን በቀላሉ እንዲጎዳ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ እንዳይጀምር። ባይፖላር ያለበትን ሰው ኃይለኛ ብርሃን ከድባቴ አውጥቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወስደው ይችላል።

በዚያው የደም ምርመራ ጠይቁ፦ ታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ ቫይታሚን ዲ። ሁሉም ያደክማሉ። እዚህ አገር በክረምቱ ወራት ፀሐይ ብትወጣም ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር የላትም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ እጥረቱ በእኛ ላይ ቢገኝ አይግረማችሁ። ክኒኑን ውሰዱ፣ ግን የመብራቱን ሥራ ይሠራልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

3. መብራቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የሚፈለገው መጠን 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ለግማሽ ሰዓት ነው። የቢሮ መብራት ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው፤ የሳሎናችን ከዚያም ያንሳል። ቤቱን ሁሉ አብርቶ መቀመጥ ደስ ይላል እንጂ ሕክምና አይሆንም። በአድቬንት ሰሞን፣ ማለትም ከፈረንጆች ገና በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ስዊድኖች መስኮት ላይ የሚያስቀምጧቸው ሰባት ሻማ የሚመስሉ መብራቶችም እንዲሁ ናቸው።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10,000 ሉክስ» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ካርቶኑን አዙሩትና ትንሿን ጽሑፍ ፈልጉ፤ በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደሆነ የሚገልጸው እዚያ ነው። አንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይላል። በ15 ሴንቲ ሜትር ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ደግሞ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ታብሌት የሚያካክሉትን ትንንሽ መብራቶች የማልመክረው። ሰፊ ፊት ያለው፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ፣ አልትራቫዮሌት ጨረሩ የተጣራ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆም 10,000 የሚሰጥ ምረጡ። ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ለብዙ ክረምት ያገለግላል። ሶላሪየም (ቆዳ ማጥቆሪያ አልጋ) ምትክ አይሆንም። እዚያ ዓይን ተሸፍኖ ነው የሚተኛው፤ ብርሃኑ መግባት ያለበት ደግሞ በዓይን ነው። ትርፉ የቆዳ ካንሰር አደጋ ብቻ ነው።

አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ መብራቱን ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊታችሁ ትንሽ ወደ ጎንና ከዓይናችሁ ከፍ አድርጉት፤ ርቀቱ ካርቶኑ የሚለው ይሁን። ዓይናችሁ ይከፈት እንጂ መብራቱን አፍጥጣችሁ አትዩት። ቁርስ ብሉ፣ አንብቡ፣ የጠዋት ጸሎታችሁን አድርሱ። ዳዊት የሚደግም ሰው ግማሽ ሰዓቱ ሳያውቀው ያልፍለታል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህት መብራቷን ከቴሌቪዥኑ በላይ መደርደሪያ ላይ ሰቅላ፣ ሦስት ሜትር ርቃ ሶፋ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ «ምንም አልሠራልኝም» ብላ ልትጥለው ደርሳ ነበር። ከሻይ ኩባያዋ አጠገብ ስታወርደው ነው ለውጡን ያየችው።

ሰዓቱ እንደ መጠኑ ወሳኝ ነው። እንደተነሳችሁ ወዲያው ይሁን፤ ለአብዛኛው ሠራተኛ ጠዋት 12 እና 1 ሰዓት መካከል ማለት ነው። ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይነሳችኋል፣ የሰውነት ሰዓቱንም ይባስ ያዘገየዋል። ራስ ምታት ወይም የዓይን ድካም ከመጣ ወደ 15 ደቂቃ ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ግን ስሜቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። በላጩ ካላንደሩ ላይ ምልክት ካደረጋችሁበት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ስሜቱ ሳይመጣ መጀመር ነው።

የአረጋውያን ቤት ወይም ጽዳት ላይ ሌሊት ለምትሠሩ «ጠዋት» የሚለው አይሠራም። የእናንተን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

4. እኩለ ቀን ላይ ውጡ

ደመና ቢሆንም የውጪው ብርሃን ከቤት ውስጡ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የምሳ ዕረፍታችሁን ግማሽ በእግር አሳልፉት።

5. ጾሙና ቡናው

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ስለሆነ በትክክል በጨለማው ልብ ላይ ይወድቃል። ከመብራቱ ጋር አይጋጭም፤ ቁርስ ባይኖርም መብራቱ ፊት መቀመጥ ይቻላል። መጠንቀቅ ያለብን ሲፈታ በዳቦና በፓስታ ብቻ ከመሙላት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አይቅር።

ቡናን ማንም አይነካብንም፤ ሰዓቱን ብቻ ቀደም እናድርገው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ጠጥቶ፣ ጠዋት አልነሳ አለኝ ማለት የለም። ቅዳሜ ከረፋዱ ጎረቤት ጠርታችሁ አፍሉ። ቀጠሮውን ገና በኦክቶበር ያዙ፤ በጃንዋሪ ሰው ለመጥራት አቅሙ አይኖራችሁም።

ከመብራቱ ሌላ መንገድም አለ። በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ኬሊ ሮሃን የመራችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ ለዚሁ ሕመም የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና የወሰዱት ሰዎች ከሁለት ክረምት በኋላ ከመብራት ተጠቃሚዎቹ ባነሰ ሁኔታ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል። ጤና ጣቢያችሁ ውስጥ ጠይቁ፤ ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይመደብልኝ በሉ። መድኃኒትም አለ፤ እሱን ሐኪሙ ይወስን።

6. ሲከብድ

በኤፕሪል ቀኑ ሲረዝም መብራቱን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ አቁሙ። ሁሉንም አድርጋችሁ ከአልጋ መነሳት ካቃታችሁ ግን ፀደይን አትጠብቁ፤ የስዊድን የጤና ምክር ስልክ ወደሆነው 1177 ደውሉና የት መሄድ እንዳለባችሁ ጠይቁ። መሞትን የሚያስብ ሰው ካለ 112 ነው፤ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስና ሲያትል ላላችሁ ደግሞ 988። ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ስልክ ማንሳት ካቆሙ «ጠፋህ፣ ጠፋሽ» ብላችሁ በመልእክት አትለፉት። ሂዱና በሩን አንኳኩ፤ ራስን ስለ ማጥፋት እያሰቡ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም። መልሱ አዎ ከሆነ እርዳታ እስኪመጣ ብቻቸውን ትታችሁ አትውጡ።